ለጠፋ ድሪ ካሳ

በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት ሠርግ ጥሎሽ የሚቀርብበት ሰዓት የራሱ ጸጥታ አለው። ሚዜዎቹ ሣጥኑን ይከፍታሉ። ልብሱ እየተገለጠ፣ ድሪው፣ አምባሩ፣ ጉትቻው፣ የአንገት መስቀሉ አንድ በአንድ እየተነሣ ለሙሽራዪቱ ወገን ይታያል። ሽማግሌዎች ይቆጥራሉ፤ እናቶች በዓይናቸው ይመዝናሉ፤ አንዳንዱም በመዳፉ ከፍ ዝቅ እያደረገ ክብደቱን ይገምታል። የጎደለ ካለ እዚያው ይነሣል፣ እዚያው ይታረቃል። ደረሰኝ የሚጽፍ ሰው የለም። ከዓመታት በኋላ ያ ድሪ ቢጠፋ ግን፣ እንደነበረና ምን ያህል እንደነበረ የሚመሰክረው በዚያ ቀን የተቀመጠው ጉባኤ ነው።

በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሴት ጌጥ የሚታይ ውበት ብቻ ሆኖ አያውቅም። ከባንክ በፊት የነበረ ቁጠባ ነው። የድሮው የብር ጌጥ፣ የእግሩ አልቦ ሳይቀር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጠገራ ብር ቀልጦ የተሠራ ነበር። 1780 የሚል ዓመትና የኦስትሪያዪቱ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ይህ ገንዘብ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ ከ23 ግራም በላይ የሚሆነው ንጹሕ ብር ነው። ወቄት የሚባለው የወርቅ መለኪያም ክብደቱን የወሰደው ከዚሁ ከጠገራው ነው። አንጥረኛው ጠገራውን አቅልጦ አልቦ ሲሠራ ገንዘቡ ቅርጹን ለወጠ እንጂ ከቤት አልወጣም። ክፉ ቀን ሲመጣ አልቦው ተሽጦ እህል ይገዛል፤ በሬ ሲሞት በሬ ይተካል። የቤቱ መድን እመቤቲቱ እግርና አንገት ላይ ነበር ማለት ነው።

መድኑ ራሱ ሲጠፋስ?

የአገሬው ሰው ለዚህ የራሱ መንገዶች ነበሩት። የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ባለቤቷ ለካህኑ ትነግራለች፣ ካህኑም ከቅዳሴ በኋላ በሕዝቡ ፊት ያገኘ እንዲመልስ፣ ያየም እንዲናገር ይገዝታል። ግዘቱን የፈራ ሰው ዕቃውን በሌሊት ደጃፍ ላይ ጥሎ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ነገሩ ስርቆት ከሆነ ደግሞ አውጫጭኝ ይጠራል። አፈርሳታም ይባላል። የአካባቢው ሰው ሁሉ ወጥቶ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ጉባኤው አይበተንም። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ የጻፈው ልብ ወለድ ርእሱን የወሰደው ከዚህ ሥርዓት ነው። ሌባሻይ የሚባለውም ነበር፤ መድኃኒት የተሰጠው ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ስንቱ ንጹሕ ሰው በዚህ እንደተጎዳ ማሰብ ያማል። ከአውጫጭኙ ልማድ ግን አንድ ነገር ሊታወስ ይገባል፦ ሌባው ካልተገኘ የተሰረቀውን ዋጋ የአካባቢው ሰው በጋራ የሚከፍልበት ቦታ ነበር። የአንድ ቤት ጉዳት በመቶ ቤት ሲከፋፈል የማንንም ጎጆ አያፈርስም። የዛሬው ኢንሹራንስ የቆመው በዚሁ ስሌት ላይ ነው።

መድን የሚለው ቃል ራሱ ከግእዙ መድኅን የመጣ ነው፤ መድኃኔ ዓለም ከምንለው ጋር ሥሩ አንድ ነው። መድን ገቢው የሚከፍለው አረቦን ደግሞ በጥንቱ ትርጉሙ መያዣ፣ ቀብድ ማለት ነው። ሥራው ወደ ኢትዮጵያ የገባው በአቢሲኒያ ባንክ በኩል እንደሆነ ይነገራል፤ ባንኩ በ1898 ዓ.ም አካባቢ ለውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር መድን ይሸጥ ነበር። በ1967 ዓ.ም 13 ኩባንያዎች ተወረሱ፤ በእነርሱም ምትክ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ። የግል ኩባንያዎች የተመለሱት በ1986 ዓ.ም አዋጅ ነው። ለገጠሩ ሰው ግን መድን ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የጤናው ነው፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የዚሁ የደቡብ ጎንደሩ ፎገራ ነበር።

የጌጥ መድን ከዚህ ሁሉ ያነሰ ዕውቅና ያለው ነው፤ የሚገኘውም ፈልገው ሲጠይቁ ነው። ብዙውን ጊዜ በሁለት በር ይገባል። አንዱ የቤት ዕቃን ከስርቆት የሚጠብቀው ውል ነው። ሌላው ውድ ንብረትን በስም ዘርዝሮ ከቤት ውጭም የሚከተለው፣ የሁሉም ዓይነት አደጋ መድን የሚባለው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሚታወቀው ጌጡ የጠፋ ዕለት ነው፤ ያኔ ደግሞ ይረፍዳል።

ነገሩ ያለው «ጠፋ» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። በአማርኛ ሁሉም ነገር ይጠፋል፤ የተሰረቀውም፣ የወደቀውም፣ የት እንደገባ ያልታወቀውም። መድን ሰጪው ግን እነዚህን ለየብቻቸው ያያቸዋል። ሌባ ቁልፍ ሰብሮ ወይም ግድግዳ ሰርስሮ ገብቶ ከወሰደው፣ የስርቆት ውሉ የተጻፈው ለዚህ ነው። ለቡና የተጠራ እንግዳ ወይም የቤት ሠራተኛ ሳይሰብር ካነሣው፣ ብዙ ውሎች ሰብሮ የመግባት ምልክት ስለሚጠይቁ ካሳ ሊከለከል ይችላል። ለጥምቀት ስትጨፍር የጆሮዋ ጉትቻ ከወደቀ ወይም አርብ ገበያ በግፊያ መካከል የአንገቷ ሐብል ከተበጠሰ፣ የስርቆቱ ውል አይመለከተውም፤ የሁሉም ዓይነት አደጋ ውል ግን ሊከፍል ይችላል። «ሣጥን ውስጥ ነበር፣ ዛሬ ባየው የለም» የሚለው ከሁሉም ከባዱ ነው። ስለዚህ ለፖሊስም ሆነ ለመድን ድርጅቱ ቃል የሚሰጥ ሰው የሚያውቀውን ብቻ ይናገር፤ ያልታየን ሌባ «ታየ» ማለት ወይም ሁለት አምባርን ሦስት ማድረግ ያለውንም መብት ያሳጣል። ጠቃሚ ነገር የደበቀ ወይም ሐሰት የተናገረ ሰው ውሉ ሊፈርስበት ይችላል።

አሁን በላይ ጋይንቷ ከተማ በነፋስ መውጫ ያለች አንዲት ነጋዴ ጌጧን መድን አስገብታለች፣ ቤቷም ተሰብሮ ጌጧ ተወሰደ እንበል። የመጀመሪያ ሥራዋ የተሰበረውን በር ሳትነካ ለፖሊስ ማመልከት ነው። የተሰበረው ቁልፍ፣ የተገነጠለው ማጠፊያ፣ የተበተነው ሣጥን ሁሉ ማስረጃ ነው፤ ከሐዘን ብዛት ቤቷን ጠርጋ ብትጠብቅ ማስረጃዋን ጠረገችው። ቀጥሎ ለመድን ድርጅቱ ታሳውቃለች። በዚህ ላይ የ1952ቱ የንግድ ሕግ ግልጽ ነው፦ ጉዳቱ መድረሱ እንደታወቀ ወዲያው፣ ቢዘገይ በአምስት ቀን ውስጥ ማሳወቅ ያስፈልጋል። የንግድ ሕጉ በ2013 ዓ.ም ሲሻሻል ስለ ኢንሹራንስ የሚናገረው ክፍል ሳይነካ ቀርቷል፤ አምስቱ ቀንም አብሮ ቀርቷል።

አምስት ቀን ለአዲስ አበባ ሰው ብዙ ነው። ከነፋስ መውጫ እስከ ባሕር ዳር ወደ 175 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከወገዳ ወይም ከስማዳ ቆላ ለምትነሣ ሴት ደግሞ መንገዱ ከዚያም ይከብዳል። ዝናብ አለ፣ መንገድ ይዘጋል፣ ስልክ ይቋረጣል። ሕጉ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ላጋጠመው ሰው ቦታ ይሰጣል፤ ምክንያቱን ማስረዳት ግን የባለ ጉዳዩ ነው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች መጀመሪያ ይደውላሉ፣ ያነጋገሩትን ሰው ስምና ሰዓቱን ይጽፋሉ፣ ከዚያ በጽሑፍ ያጸናሉ። ክርክር ቢነሣና ወደ ፍርድ ቤት ቢኬድም ጊዜው የተወሰነ ነው፤ ከመድን ውል የሚነሣ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይታገዳል።

ከዚያ የካሳ መጠየቂያ ቅጹ ይሞላል፣ የፖሊስ ማስረጃ ይያያዛል፣ የድርጅቱ መርማሪም ይመጣል። መርማሪው ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ጌጡ ነበር ወይ? የአንቺ ነበር ወይ? ስንት ያወጣ ነበር? ከሱቅ የተገዛ ወርቅ ደረሰኝ ካለው ግራሙና ካራቱ እዚያው ተጽፏል። 18 ካራት ማለት ከመቶ 75 እጁ ወርቅ ነው፤ 21 ካራት ደግሞ 87 ተኩል። ቤሩት ወይም ሪያድ ሠርታ የተመለሰች ልጅ ያመጣችው ወርቅ ደረሰኙ በዓረብኛ ይሆናል፤ ተርጉሞና ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ ይበጃል። የአያት አልቦ ግን ደረሰኝ የለውም። ለእርሱ የሚያስፈልገው ውሉ ሲፈረም አንጥረኛ መዝኖ ግምቱን በጽሑፍ እንዲሰጥና ፎቶው እንዲነሣ ነው። የሠርግ ቪዲዮም ይረዳል፤ ጥሎሹ ሲቆጠር፣ ድሪው አንገት ላይ ሲጠለቅ በግልጽ ይታያልና። የሽማግሌዎቹ ምስክርነት በካሜራ ተቀረጸ ማለት ነው።

ብዙ ሰው ቅር የሚሰኘው በዋጋው ላይ ነው። የንብረት መድን የጠፋውን ይተካል እንጂ አያተርፍም፤ ካሳው ጌጡ በጠፋበት ቀን ከነበረው ዋጋ አይበልጥም፣ በውሉ ከተጻፈውም አያልፍም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ወርቅም አብሮት ወጣ። ከዚያ በፊት ጌጧን በ60 ሺህ ብር ያስመዘገበች ሴት ዛሬ 120 ሺህ የሚያወጣ ጌጥ ይዛ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ቢሰረቅ የምታገኘው ቢበዛ 60 ሺህ ነው። 30 ሺህ የምታወጣ አንዲት ቀለበት ብቻ ብትሰረቅ ደግሞ ሙሉ ዋጋዋ አይከፈላትም፤ ጌጡ መድን የገባው በግማሽ ዋጋው ስለሆነ የምታገኘው 15 ሺህ ይሆናል፣ ከዚያም ላይ ውሉ የሚያዘው ተቀናሽ ይነሣል። በዓመቱ ውል ሲታደስ አረቦኑን ብቻ ከፍሎ መውጣት ያለው አደጋ ይህ ነው። ግምቱም መታደስ አለበት።

አሜሪካ ያሉ የጋይንትና የእስቴ ልጆችም ተመሳሳይ ነገር ይገጥማቸዋል። የቤት ኢንሹራንስ ያለው ሰው ጌጡም አብሮ የተሸፈነ ይመስለዋል፤ የተለመደው ውል ግን ለተሰረቀ ጌጥ ብዙውን ጊዜ ከ1,500 ዶላር በላይ አይከፍልም። ከዚያ በላይ የሆነ ወርቅ በባለሙያ ተገምቶ ለብቻው መመዝገብ አለበት።

ጦርነት ደግሞ ከሁሉም ውጭ ነው። በተለየ ስምምነት ካልተካተተ በቀር በጦርነት የተዘረፈን ጌጥ የተለመደው የመድን ውል አይክስም። ይህ ለጋይንት የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የሄዱት እዚሁ ጋይንት ባለው በጨጨሆ በኩል ነው፤ እንግሊዞች መቅደላን ከያዙ በኋላ የተዘረፈው ሀብት ደላንታ ላይ ለሁለት ቀን በሐራጅ ተሸጠ፤ ከባለቤታቸው ከእቴጌዪቱ ጋር ስማቸው የሚነሣ ቀሚስና ጌጦችም ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛሉ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም የትግራይ ኃይሎች ነፋስ መውጫን ለዘጠኝ ቀን ሲይዙም ከተማዪቱ ተዘርፋለች፣ በሴቶቿ ላይም ከዝርፊያ እጅግ የከፋ ግፍ ተፈጽሟል። የእነዚያ ሴቶች ወርቅ መድን ቢኖረው እንኳ በተለመደው ውል የሚከፈልበት አልነበረም። ይህን ክፍተት ግለሰብ በአረቦን አይሞላውም፤ የመንግሥት ካሳ ያስፈልገዋል።

ካሳ ከተከፈለ በኋላ ጌጡ የሚገኝበት ጊዜም አለ። ፖሊስ ሌባውን ይይዛል፣ ወይም ወርቁ ሳይቀልጥ ከአንድ ሱቅ ይገኛል። በተለመደው አሠራር ዋጋው ሙሉ በሙሉ የተከፈለበት ጌጥ የመድን ድርጅቱ ነው። ለሐብልና ለቀለበት ይህ ብዙም አያሳስብ ይሆናል። የአያት አልቦ ሲሆን ግን፣ ባለቤቷ ዜናውን በሰማች ጊዜ ለድርጅቱ በጽሑፍ ማመልከትና የተቀበለችውን ገንዘብ መልሳ ዕቃዋን ለመውሰድ መጠየቅ ትችላለች። ለማመልከቻዋ ፎቶውና የአንጥረኛው ወረቀት ይጠቅሟታል፤ ከተያዙት አልቦዎች መካከል የእርሷ የትኛው እንደሆነ ለማሳየት።