ያለ ስሙ የሚታማው 2,147,483,647

ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች 2,147,483,647ን በክፉ ነው የሚያነሡት። ቆጣሪያቸው እዚያ ሲደርስ ይሞላል፤ 1 ቢጨመርበት ብዙውን ጊዜ ከዜሮ በታች ይወርዳል። እኔ ግን ለዚህ ቁጥር አደላለሁ።

ትውውቁ አጭር ነው። 31 ሁለቶችን አባዝተው ከውጤቱ 1 ይቀንሱ። የሚያገኙት ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም።

«ኮምፒውተር የመረጠው ብቸኛ ስለሆነ ነው» የሚሉ ወጣት ባለሙያዎች ገጥመውኛል። ስሕተት ነው። ባለ 32 ቢት ቁጥር አንዱን ቢት ለምልክት ሲሰጥ 31 ይቀሩታል፤ ወሰኑ የመጣው ከዚያ ነው። ባለ 64 ቢቱ ወሰንማ ከ63 ሁለቶች ተገኝቶ ለ7 እንኳ ይካፈላል። «31 ራሱ ብቸኛ ስለሆነ ነዋ!» ማለትም አያዋጣም፤ 11ም ብቸኛ ነው፣ በዚያው መንገድ የሚወጣው 2,047 ግን 23 በ89 ሲባዛ ነው።

ስለዚህ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ የቁጥሩ ውበትም ያለው እዚህ ላይ ነው። በጅምላ የሚሞክር ሰው እስከ ዳግም ዘሩ፣ ማለትም እስከ 46,340 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ማካፈል አለበት፤ ከ4,700 ይበልጣሉ። የሒሳብ ሊቁ ሌዎናርድ ኦይለር፣ ያውም ዓይኑ በከዳው ዕድሜ፣ አብዛኞቹን ሳይነካቸው አለፈ። ከፌርማ ሕግ እንደሚከተለው፣ ከማንኛውም ብቸኛ አካፋይ ላይ 1 ሲቀነስ የሚቀረው የ31 ብዜት ይሆናል። አካፋዩ ጎዶሎ ስለሆነ ደግሞ የ62 ብዜት ይሆናል። (2,047ን በ22 ይፈትኑት፤ 23ም 89ም 1 ይተርፋቸዋል።) ኦይለር በዚህም አልቆመ፤ አካፋዩ ለ248 ሲካፈል ሊተርፈው የሚችለው 1 ወይም 63 ብቻ መሆኑን አሳየ። በዚህ ወንፊት የሚያልፉት ቢበዛ 372 ናቸው። አንዳቸውም አላካፈሉትም። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1772 ለሙያ ባልደረባው በርኑሊ በደብዳቤ ገለጸ።

ቁጥሩ ከዚያ በኋላ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ትልቁ ሆኖ ቆየ። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው በ1811 ከዚህ ቁጥር የሚገኘውን ፍጹም ቁጥር (ከራሱ በታች ያሉ አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጡትን) ጠቅሶ፣ ጥቅም ስለሌለው ከእሱ የሚበልጥ ለመፈለግ የሚደክም አይኖርም ብሎ ጻፈ። ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አኃዞች ያሏቸው ብቸኛ ቁጥሮች ይታወቃሉ።

ጥቅም የለውም ለሚሉ ግን አንድ ቀጠሮ አለ። ብዙ የቆዩ ሥርዓቶች ጊዜን የሚለኩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ሰከንዶችን በባለ 32 ቢት ቁጥር በመቁጠር ነው። ቆጣሪው የሚሞላው በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ማለዳ ከ12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። የቆየ ሶፍትዌር በእጃችሁ ያለ ባለሙያዎች ሆይ፣ ከወዲሁ ፈትሹት፤ ቆጣሪውን ያጠበበው ሰው ነውና ጥፋቱን በቁጥሩ አታላክኩ።