ጉርድ ፎቶ ሲቀዘቅዝ የውሻ ፎቶ ያዋጣ ይሆን?

የፎቶ ቤቶች የዕለት እንጀራ ለብዙ ዘመን ጉርድ ፎቶ ነበር። ዛሬ ፋይዳ መታወቂያ የሚያወጣ ሰው ፊቱን የሚነሳው እዚያው መመዝገቢያው ጣቢያ ነው። የልደቱንና የሽርሽሩን ፎቶ ደግሞ የእጅ ስልክ ወስዶታል። ገበያው የቀዘቀዘበት ፎቶ አንሺ አዲስ ደንበኛ መፈለጉ ግድ ነው። ለመሆኑ በአውሮፓና በአሜሪካ ራሱን የቻለ ንግድ የሆነው የውሻ ፎቶ ለሐይቅና ለአምባሰል ፎቶ አንሺዎች ያዋጣ ይሆን?

ነገሩ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ትንሿ ውሻ ሉሉ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በተደጋጋሚ ፎቶ ተነስታለች። ይሁን እንጂ በወሎ ገጠር ውሻ ሠራተኛ ነው፤ ከብትና ቤት ይጠብቃል፣ ደጅ ያድራል። ጌታው ለፎቶው ገንዘብ ይከፍላል ብሎ ማሰብ ዘበት ነው። ከፋዩ ሌላ ነው፤ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመዝናናት ወደ ሐይቁ የሚወርደው፣ ውጭ አገር ኖሮ ቤተሰቡን ሊጠይቅ የሚመጣው፣ እንዲሁም ቡችላ የሚሸጠው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ለሚገኘው ለሐይቅ ከተማ ውኃውና ተራራው ኪራይ የማይከፈልበት ስቱዲዮ ናቸው።

ሒሳቡን እንመልከት። ለምሳሌ ያህል መጓጓዣ 300፣ ረዳት 400፣ ማሳተሚያ 300 ብር ቢፈጅ፣ 1000 ብር የጠየቀ ፎቶ አንሺ ድካሙን በነጻ ሰጠ ማለት ነው። በአንድ ጠዋት ሁለት ደንበኛ ቢቀጥር ግን መጓጓዣውና ረዳቱ ለሁለት ይከፈላሉ፤ የአንዱ ወጪ ወደ 650 ብር ይወርዳል። ትርፉ ያለው እንግዲህ ጊዜ ባለማባከን ላይ ነው። ጊዜ የሚተርፈው ደግሞ በዝግጅት ነው።

ባለቤቱ ውሻውን በዋዜማው አጥቦ ያበጥረዋል። ጠዋት ብዙ አያበላውም፤ የጠገበ ውሻ ለቁራሽ ሥጋ ዞር ብሎ አያይምና። ከመነሳቱ በፊት ትንሽ በእግሩ ቢያንሸራሽረው ይረጋጋል። ፎቶ አንሺው በበኩሉ ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መከተቡን አስቀድሞ ይጠይቅ። ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት፤ ይህ ለነገ የሚባል አይደለም።

ማንሻው ሰዓት ማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ያረፈው አሜሪካዊው ኤሊዮት ኧርዊት በውሻ ፎቶዎቹ ስም ሲያተርፍ፣ ብዙ ጊዜ ካሜራውን ወደ ውሻው ቁመት ዝቅ ያደርግ ነበር። ትኩረቱ ዓይን ላይ ይሁን፤ ፍጥነቱ ከሰከንድ 1/500ኛ አይዘግይ፤ የሚያስደነግጠው ፍላሽ ይቅር። ጥቁር ውሻን ካሜራው ግራጫ ስለሚያደርገው ብርሃኑን መቀነስ፣ ለነጭ ውሻ ደግሞ መጨመር ያስፈልጋል። በፉጨት መጥራት ቢረዳም፣ የኢኮኖሚክስ ሰዎች «እየቀነሰ የሚሄድ ጥቅም» የሚሉት ሕግ እዚህም ይሠራል። በመጀመሪያው ፉጨት ጆሮውን የሚያቆም ውሻ በአምስተኛው ፊቱን ያዞራል።

የአካባቢውን ወግ ማወቅም ከሥራው ይቆጠራል። ውሻ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይገባምና የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለዚህ ሥራ አይታሰብም። በሙስሊሙም ቤት ውሻውን ወደ ሳሎን ወይም ወደ መስገጃ አስጠጉልኝ ማለት ደንበኛን ማስቀየም ነው።

ትልቁ ሥጋት ግን የእንግዳው መምጣትና መቅረት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ አካባቢውን ሲያዳርስ እንደታየው፣ መንገድ ሲዘጋ የሐይቁ ዳር ገበያም አብሮ ይዘጋል። ስለዚህ የውሻ ፎቶ ጉርድ ፎቶን ይተካል ብሎ ተበድሮ ውድ ሌንስ መግዛት አያዋጣም። ባለው ካሜራ፣ በቀጠሮ፣ ቀብድ እየተቀበለ ለሚሠራ ሰው ግን የሰርጉ ወቅት ሲያልፍ ኪስ የሚደጉም የጎን ሥራ ሊሆን ይችላል።