ስለ ቆዳ ጠባይና ስለ አጠባበቁ

የሰው መልኩና ድምፁ እንደሚለያይ ሁሉ የቆዳውም ጠባይ እንዲሁ የተለያየ ነው። ይህን ባለማወቅ ብዙ ሰዎች ለጎረቤት የበጀ ቅባት ለእኛም ይበጃል በማለት ገንዘባቸውን ያባክናሉ፤ አንዳንዶችም ሰውነታቸውን ይጐዳሉ። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን የቆዳን ጠባይ ለይቶ ማወቅ እንዴት እንደሚቻል፥ ከእናቶቻችን ከወረስነውም ልማድ የትኛው እንደሚጠቅምና የትኛው እንደሚጐዳ በጭሮና በሌሎቹ የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ለሚኖሩ አንባቢዎቻችን ለመግለጽ አስበናል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በምሳሌ እንጀምር። ሁለት እኅትማማቾች አሉ እንበል። ታላቂቱ በጭሮ ትኖራለች፤ ታናሺቱ አግብታ ወደ ሚኤሶ ወርዳለች። እናታቸው ሁለቱንም እኩል የምትወድ ስለ ሆነች ለሁለቱም ለጋ ቅቤ ትልክላቸዋለች። ታላቂቱ ፊቷንና እጇን ስትቀባው ቆዳዋ ይለሰልሳል፥ የተሰነጠቀውም ይጠግጋል። ታናሺቱ ግን በተቀባች ቍጥር ግንባሯና ጕንጯ ብጉር ያወጣል። እርሷም «የሰው ዐይን ወጋኝ» እያለች ታዝናለች፥ ከሰው ፊት መቅረብንም ታፍራለች። በእውነቱ ግን ጥፋቱ የሰው ዐይን አይደለም፤ የእናቲቱም ቅቤ ክፉ ሆኖ አይደለም። የሁለቱ ቆዳ ጠባይ የተለያየ በመሆኑ ነው እንጂ።

ቆዳ ሰውነታችንን እንደ ቅጥር ከብቦ ከትቢያ፥ ከፀሐይና ከበሽታ ተሕዋስያን የሚጠብቅ ክፍል ነው። በውስጡ ወዝ የሚያመነጩ እጅግ ጥቃቅን ዕጢዎች ይገኛሉ። ወዙ በልክ ሲሆን ቆዳ ይለሰልሳል፤ ሲያንስ ይደርቃል፥ ይሰነጠቃል፤ ሲበዛ ደግሞ ከሞተው ቆዳ ቅርፊት ጋር ተቀላቅሎ የጠጕሩን ቀዳዳ ይደፍናል። በተደፈነውም ቀዳዳ ውስጥ ተሕዋስያን ሲራቡ ብጉር ይወጣል። የወዙን መጠን የሚወስኑት የትውልድ ባሕርይና ዕድሜ ሲሆኑ የአገሩም አየር የራሱን ድርሻ ይጨምራል። ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል የነበረችው ጭሮ በጨርጨር ተራሮች መካከል ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ የበጋው ነፋስና የማታው ብርድ ቆዳን ያደርቃል። የባቡር መንገድ የሚያልፍባት ሚኤሶ ግን 1,300 ሜትር ያህል ላይ ያለች ቆላ ስለ ሆነች ሙቀቱ ላብን ያበዛል፤ ላቡም ከወዝና ከአቧራ ጋር ይጣበቃል።

የቆዳን ጠባይ ለይቶ መንከባከብ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በሕንድ አገር ከ2,000 ዓመት በላይ የቈየ አዩርቬዳ የሚባል የሕክምና ልማድ አለ፤ የስሙም ትርጓሜ «የሕይወት ዕውቀት» ማለት ነው። የዚህ ልማድ ሊቃውንት የሰውን ጠባይ ቫታ፥ ፒታና ካፋ ብለው በሦስት ይከፍሉታል። ቫታ የሚበዛበት ሰው ቆዳው ደረቅና ስስ፥ ፒታ የሚበዛበት ትኵስና ቶሎ የሚቈጣ፥ ካፋ የሚበዛበት ወፍራምና ወዛም ነው ይላሉ። ሕጋቸውም ሁሉን ነገር በተቃራኒው ማከም ነው፤ ይኸውም ደረቁን በሰሊጥ ዘይት ማለስለስ፥ ትኵሱን ማቀዝቀዝ፥ ወዛሙን በሽምብራ ዱቄት አሽቶ ማጠብ ነው። የዛሬው ሳይንስ እነዚህን ሦስት ኀይሎች በሰውነት ውስጥ አላገኛቸውም። ሆኖም ቆዳ ደረቅ፥ ወዛምና ቁጡ ተብሎ መለየቱን፥ ለእያንዳንዱም የሚስማማው ልዩ መሆኑን ሐኪሞችም ይቀበሉታል። የእኛም አገር እናቶች ደጋው በቅቤ፥ ቆላው በቅጠል እንዲጠበቅ ማድረጋቸው ከዚሁ ማስተዋል የመጣ ነው።

አንባቢያችን የራስዎን ቆዳ ጠባይ ለማወቅ ቢፈልጉ ፊትዎን በንጹሕ ውኃ ታጥበው ምንም ሳይቀቡ አንድ ሰዓት ያህል ይቈዩ። ፊትዎ ቢጨመደድና ቢነጣ ቆዳዎ ደረቅ ነው። ግንባርዎና አፍንጫዎ ቢያብረቀርቅ ወዛም ነው። ቢያሳክክዎ፥ ቢያቃጥልዎ ወይም ሽፍ ቢልብዎ ቁጡ ነው። ግንባሩ ወዛም፥ ጕንጩ ደረቅ የሆነም ሰው ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ሁሉን ቦታ እንደ ጠባዩ ይጠብቀው።

ደረቅ ቆዳ ያለው ሰው በጣም በሞቀ ውኃ አይታጠብ፤ በውኃም ውስጥ ብዙ አይቈይ። ሳሙናም ያለውን ጥቂት ወዝ ጠርጎ ስለሚወስድበት በብብት፥ በእግርና በቈሸሸው ቦታ ብቻ ቢጠቀም ይበቃዋል። ከታጠበ በኋላ ሰውነቱ ገና እርጥብ ሳለ የሰሊጥ ዘይት፥ ባዝሊን ወይም ንጹሕ ለጋ ቅቤ ይቀባ፤ ቅባት ውኃውን በቆዳ ውስጥ አግዶ ያቈያል እንጂ በራሱ ደረቁን አያርስምና። የከረመና የሸተተ ቅቤ ግን ለቆዳ አይሆንም። በቍስል ላይ፥ በሕፃን እትብት ላይና በእሳት በተቃጠለ ሰውነት ላይም ቅቤ መቀባት አደገኛ ነው፤ ቍስሉን ለተሕዋስያን ያጋልጣል፥ ሙቀቱንም አፍኖ ያቈያል። የተቃጠለ ሰው ወዲያው ቦታውን በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ 20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ፥ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባዋል።

ወዛም ቆዳ ያለው ሰው ፊቱን ጧትና ማታ፥ ካላበውም በኋላ በለዘብታ ይታጠብ። በሚኤሶና በአካባቢው ያሉ ሴቶች የቁርቁራን ቅጠል አድርቀውና ወቅጠው በውኃ እየለወሱ ፊታቸውን ይታጠቡበታል፤ ሱማሌዎች ቀሲል ይሉታል። ቅጠሉ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ ነገር ስላለው ወዝንና እድፍን ያነሣል። ሆኖም ዱቄቱ በደቃቅ ወንፊት ሊነፋ ይገባል፤ ሸካራ ሆኖ ቢታሽ ቆዳን ይፍቃል። ዐይን ውስጥ እንዳይገባም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሽምብራ ዱቄትም በቀሲል ፈንታ ሊያገለግል ይችላል። ወዛም ፊት ያለው ሰው ፊቱን ቅቤ አይቀባ፤ ራሱን ቅቤ የሚቀባም እንደ ሆነ እየቀለጠ ወደ ግንባሩ የሚወርደውን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረገው። ብዙዎች ምክንያቱ ያልታወቀ የሚመስላቸው የግንባር ብጉር ከዚሁ የሚመጣ ነው። ብጉርን በጥፍር ማፍረጥ ጠባሳ ስለሚያስቀር ፈጽሞ አይገባም።

ቁጡ ቆዳ ያለው ሰው፥ ይልቁንም ችፌ የሚነሣበት፥ ሽታ የበዛበትን ሳሙናና ሽቱ ይራቅ። አዲስ ነገር ሊቀባ ቢያስብ አስቀድሞ በክንዱ ውስጠኛ በኩል ጥቂት ቀብቶ ሁለት ቀን ይጠብቅ፤ ካላሳከከውና ካልቀላ ይጠቀምበት። እንዶድ ለልብስ ማጠቢያ የታወቀ ነው፤ ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል እ.ኤ.አ. በ1964 ያስተዋሉትም ይህንኑ ተክል ነው። ነገር ግን ኀይለኛ በመሆኑ ለፊት መታጠቢያ አይሆንም። የሎሚ ጭማቂና የጤና አዳም ቅጠልም በቆዳ ላይ ታሽተው ፀሐይ ሲመታቸው ያቃጥላሉ፥ ውኃ ያቋጥራሉ፥ ጥቍር ምልክትም ይተዋሉ። ለሠርግና ለበዓል እጅና እግር የሚሞቅበት ሒና በተፈጥሮው ቀይ ቡናማ ነው። ቶሎ እንዲጠቍር ተብሎ የጠጕር ቀለም የተጨመረበት «ጥቍር ሒና» ግን በአንዳንድ ሰው ላይ ከባድ ቍስል ያመጣል፤ ሙሽሮችና ሕፃናት እንዳይነኩት እንመክራለን።

ቆዳን ያነጣሉ ተብለው በየሱቁና በየገበያው ስለሚሸጡት ክሬሞችም ዝም ማለት አይገባንም። የቆዳችን ጥቍረት ከፀሐይ ጨረር የሚጠብቀን ጥላ ነው፤ ከፍ ባለ አገር ደግሞ ጨረሩ ስለሚበረታ ይህ ጥላ ይበልጥ ያስፈልገናል። ከእነዚህ ክሬሞች በአንዳንዶቹ ውስጥ ባዜቃ፥ ማለት ሜርኩሪ ይገኛል፤ ባዜቃ በቆዳ አልፎ ኩላሊትን ይጐዳል። በሌሎቹ ያለው ስቴሮይድ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ሲቀቡት ቆዳን ያሳሳል፤ ሃይድሮኪኖን የሚባለውም ሲዘወተር አነጣለሁ ያለውን ፊት መልሶ ያጠቍረዋል። ከውጭ አገር በባህል መድኃኒት ስም የሚመጡትም ሁሉ ከጕዳት የጸዱ አይደሉም፤ ከአዩርቬዳ መድኃኒቶች እንኳ በአንዳንዶቹ ውስጥ እርሳስና ባዜቃ ተገኝቷል። ስለዚህ በውስጡ ያለው ነገር ያልተጻፈበትን ዕቃ ማንም ሰው ቆዳውን አይቀባበት።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጤነኛ ቆዳ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ጠባይን ከበሽታ ለይቶ ማወቅ ነው። ማታ ማታ የሚብስና በጣት መካከል የሚወጣ እከክ የጠባይ ነገር አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ስለ ሆነ ቤተ ሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን መታከም አለበት። ክብ እየሠራ የሚሰፋ ጭርትም የራሱ መድኃኒት አለው። ከሁሉ ይልቅ ማስተዋል የሚገባው ከቀረው ቆዳ ፈዘዝ ወይም ቀላ ብሎ የሚታይ፥ የማያሳክክና የማያም ምልክት ነው። እንዲህ ያለውን ቦታ ዐይንን ጨፍኖ በጥጥ ጫፍ ሲነኩት ካልተሰማ የሥጋ ደዌ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ስለማያም ብዙ ሰዎች ደረቅ ቆዳ ነው እያሉ ቅቤ ሲቀቡት ጊዜ ያልፋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ነርቭ ይሞታል፥ እጅና እግርም ይሰነክላል።

ይህ በሽታ ርግማን አይደለም፥ በዘር የሚወረስም አይደለም። በተሕዋስያን የሚመጣ ሲሆን ፈጽሞ ይድናል። በሐረርጌ በቢሲዲሞ፥ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮም በአዲስ አበባ በአለርት ሕሙማን ሲታከሙ ኖረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 የመከረው የተጣመረ መድኃኒት ከመጣ ወዲህ ግን ሕክምናው እንደ በሽታው ዐይነት በ6 ወይም በ12 ወር የሚፈጸም ሆኗል፤ መድኃኒቱም ያለ ዋጋ ይሰጣል። መድኃኒቱን የጀመረ ሰው ወዲያው ወደ ሌላ ማስተላለፉን ስለሚያቆም ከቤቱም ሆነ ከሥራው መለየት አያስፈልገውም።

እንግዲህ ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ታላቂቱ እኅት ቅቤዋን ትቀባ፤ ይስማማታልና። ታናሺቱ ቅቤውን ለወጥ አድርጋ ፊቷን በተነፋ ቀሲል ትታጠብ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ፊቷ ካልጠራ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። እናቲቱም ስለ ሁለቱ ሴቶች ልጆቿ እንዳሰበች ሁሉ ከእርሷ ጋር ያለውን ታናሽ ወንድማቸውን ልብሱን አስወልቃ ጀርባውን በብርሃን ትመልከት። ፈዘዝ ያለና የማይሰማው ምልክት ካገኘች ቅቤም ቅጠልም ሳትቀባ በማግስቱ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ጭሮ ሆስፒታል ትውሰደው። አንባቢዎቻችንም ይህን ጽሑፍ አንብበው ሲጨርሱ የራሳቸውንና የልጆቻቸውን ገላ እንዲሁ እንዲመለከቱ አደራ እንላለን።