የታሸገው ሣጥንና የደጋው ነጋዴ

ባሕርን በዓይኑ ያላየ የአንበሳሜ ባለሱቅ ስለ መርከብ አሠራር ቢጠየቅ፥ ነገሩ አይመለከተኝም ይል ይሆናል። ነገር ግን በመደርደሪያው ላይ ያለው ብርጭቆ፥ ባትሪና ጨርቅ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል የገባ ነውና እጅግ ይመለከተዋል።

ሚያዝያ 18 ቀን 1948 ዓ.ም. ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ የጭነት መኪናዎች ባለቤት 58 የብረት ሣጥኖች አይዲያል ኤክስ በምትባል መርከብ ጭኖ ከኒዋርክ ወደ ሂዩስተን ላከ። በሰው ትከሻ ሲጫን ለአንድ ቶን 5 ዶላር ከ86 ሳንቲም ያስወጣ የነበረው ጭነት በ16 ሳንቲም ያህል ተጫነ። የወደብ ወዛደሮች እንጀራችን ተወሰደ ብለው ተቃወሙ፤ ሐሰትም አልተናገሩም። በ1953 ዓ.ም. በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ መሣሪያውን የተቀበሉት ጡረታቸውና ደመወዛቸው በውል ከተጠበቀላቸው በኋላ ነው።

በአገራችን ደግሞ በ2004 ዓ.ም. መልቲሞዳል የሚባለው አሠራር ሲጀመር፥ ዕቃው ከመነሻው ወደብ እስከ ደረቅ ወደብ በአንድ የጭነት ሰነድ እንዲመጣ ተደረገ። ያጉረመረመው ነጋዴ ብዙ ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ አሠሪዬ ነበሩ። ቀድሞ ጅቡቲ ሰው ልከው ጥቅሉን አንድ በአንድ ያስቈጥሩ ነበርና «ያልቈጠርሁትን ዕቃ እንዴት አምናለሁ?» ይሉኝ ነበር።

የመጀመሪያው ኮንቴይነራችን ሞጆ ደርሶ 19 ቀን ቆመ። ጥፋቱ የሣጥኑ አልነበረም። በኢንቮይሱ 140፥ በፓኪንግ ሊስቱ 104 ጥቅል ተጽፎ ሳለ እኔ ሁለቱን ሳላስተያይ ለትራንዚተር ልኬ ነበር። የታረመው ወረቀት ከሻጩ እስኪመጣ ድረስ የመጋዘኑ ኪራይ ይቈጠር ነበር። በቀድሞው አሠራር ቢሆን ጅቡቲ ያለው ሰውዬ ቆጥሮ ስሕተቴን ያገኘው ነበር፤ ስለዚህ የአሠሪዬን ጥርጣሬ እንደ ግትርነት ብቻ ለመቍጠር አልደፍርም። ሥራው ከቈጣሪው እጅ ወደ ጸሐፊው ጠረጴዛ መምጣቱን ግን ሁለታችንም አላወቅንም ነበር።

ላኪ ለመሆን ለሚያስብ የአውራጃችን ነጋዴ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ወደ ጅቡቲ ከሚመለሱት ሣጥኖች ብዙዎቹ ባዶአቸውን ይሄዳሉ። ባለ ሃያ ጫማው ከ200 ኩንታል በላይ ሽንብራ ይይዛል፤ ይህን አንድ የአንበሳሜ ነጋዴ ብቻውን በአንድ ጊዜ መሰብሰብ ቢያቅተው፥ ሦስት ሆነው ቢያዋጡ ይሞላል። አሠሪዬ ይህን ሐሳብ ሰምተው ገና «እናያለን» እያሉ ናቸው። ኢንቮይስ በመጣ ቍጥር ግን ቍጥሩን ድምፄን ከፍ አድርጌ ሁለት ጊዜ እንዳነብላቸው ያደርጉኛል።