ያጠፋችው ፎቶ ለምን አልጠፋም?

አንዲት የድሬዳዋ ልጅ የእህቷን የሠርግ ፎቶ ማስቶዶን በሚባለው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ለጠፈች እንበል። ማታ ሙሽሪት ደወለች፦ «አቦ አጥፊልኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያነሳችሁኝ!» ልጅቷም አጠፋችው፤ ከገጿ ላይ ድራሹ የለም። በማግስቱ ግን ጀርመን ያለችው የአክስቷ ልጅ ያንኑ ፎቶ እያየች ትስቃለች።

ፌስቡክ ቢሆን ፎቶው ያለው በአንድ ኩባንያ እጅ ነው። ማስቶዶን ግን በ2016 እ.ኤ.አ. ከወጣ ጀምሮ ባለቤቱ ብዙ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰርቨሮች፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አስተዳዳሪ ኖሯቸው፣ አክቲቪቲፐብ በሚባል የጋራ ደንብ ይነጋገራሉ። ድሬዎች ለዚህ ዓይነቱ ነገር እንግዳ አይደሉም፤ ሳፋሪኮም የሙከራ አገልግሎቱን ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የጀመረው እዚሁ ነው። ከሳፋሪኮም 07 ቁጥር ወደ ሌላው ኩባንያ 09 የተላከ መልእክት አንዴ ከደረሰ የተቀባዩ ነው፤ ላኪው ከራሱ ስልክ ቢሰርዘው የዚያኛውን አይነካውም።

ማስቶዶን ላይም ፎቶ ሲለጠፍ የተከታዮች ሰርቨሮች የየራሳቸውን ቅጂ ወስደው ያስቀምጣሉ። ልዩነቱ፣ ባለቤቷ ስታጠፋው ሰርቨሯ «አጥፉት» የሚል መልእክት ይልክላቸዋል። መልእክቱ በአካውንቷ ዲጂታል ቁልፍ ይፈረማል፤ ያለዚያማ ማንም ተንኮለኛ ተነስቶ የሰውን ፎቶ ሁሉ ባስጠፋ ነበር። እንግዲህ የእኛ ሥራ ይህ መልእክት የት እንደቀረ መፈለግ ነው።

ፍለጋው ከራስ ቤት ይጀምራል። ስልክ ያየውን ፎቶ ስለሚያስቀር፣ የፎቶውን ቀጥታ ሊንክ በኢንኮግኒቶ መስኮት መክፈት ይሻላል። እዚያም ከተከፈተ ፋይሉ ገና አልጠፋም ማለት ነው፤ ለዚህ ደግሞ መደናገጥ አያስፈልግም። ማስቶዶን ጽሑፉን ወዲያው ቢሰርዝም፣ ሰውየው አስተካክሎ መልሶ ሊለጥፈው ይችላል ብሎ ፎቶውን ለ24 ሰዓት ገደማ ሊያቆየው ይችላል። በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው 4.4 ስሪት ግን አፖች «አሁኑኑ ይሰረዝ» ብለው እንዲያዙ ፈቅዷል። አንዳንድ ሰርቨሮች ፎቶ ለማፍጠን መሃል ላይ የሚያስቀምጡት ቅጂም ሊኖር ይችላል። ስለዚህ አንድ ቀን ጠብቆ እንደገና ማየት ነው።

ከራስ ሰርቨር ጠፍቶ ሌላ ቦታ ከታየ መልእክቱ አልደረሰም ወይም አልተፈጸመም። ምናልባት ያኛው ሰርቨር በዚያ ሰዓት ወድቆ ነበር። ላኪው ሰርቨር ደጋግሞ ይሞክራል፤ በየሙከራው መሃል ያለው ጊዜ እየረዘመ ሄዶ በመጨረሻ ይተወዋል። ሌላው፣ ለመያዝም የሚያስቸግረው፣ ተከታይ በሌለበት ሰርቨር ያለ ሰው ሊንኩን ፈልጎ ፖስቱን ያመጣው እንደሆነ ነው። ያ ሰርቨር ከመልእክቱ ተቀባዮች ዝርዝር ውስጥ ላይገባ ይችላል፤ ስለዚህ ማንም «አጥፋ» አላለውም። በሁለቱም ጊዜ መፍትሔው ሰው ማነጋገር ነው። ቅጂው የታየበትን ሊንክ (የራስን ሳይሆን የዚያኛውን) ይዞ፣ በዚያ ሰርቨር «ስለ» ገጽ ላይ ለተጻፈው አስተዳዳሪ መላክ። አብዛኞቹ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ናቸውና ሁለት መስመር የጨዋ ደብዳቤ ከረጅም ወቀሳ ይሻላል።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃዬ ይሰረዝልኝ የማለት መብት ሰጥቷል። ነገር ግን ሰርቨሩ ባሕር ማዶ፣ አስተዳዳሪውም እምቢተኛ ከሆነ፣ አዋጅ ይዞ መሟገቱ ለአንዲት የሠርግ ፎቶ የሚያዋጣ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ሊታወቅ ይገባል። የራስ ሰርቨር ጨርሶ ከተዘጋ ቁልፉም አብሮ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ በሌሎች ዘንድ ለቀሩት ቅጂዎች «አጥፉት» ብሎ የሚፈርም የለም። ሰርቨራችን ሊዘጋ ነው የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ መጀመሪያ ፎቶዎቹን ማጥፋት፣ ከሌላ ሰርቨር ገብቶ መጥፋታቸውን ማየት፣ አካውንቱን መዝጋት ከዚያ በኋላ ነው።