ካርታው ከእጅ ሳይወጣ በፊት

በእናቴ ቤት ካርታ ስሙ አይነሳም ነበር። ታላቅ ወንድሜ የወር ደመወዙን በአንድ ሌሊት ተበልቶ ጠዋት ባዶ ኪሱን ሲገባ፣ እናቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ድምፅ ሳታሰማ ስታለቅስ አይቻለሁ። ስለዚህ በስልሳ አራት ዓመቴ፣ ያውም በጡረታ ላይ ሆኜ፣ ካርታ መጫወት ተማርኩ ብል የሚያውቁኝ ሁሉ ቢስቁ አልቀየማቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ልጄ «ብቻሽን አትቀመጪም» ብላ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወሰደችኝ። ልጅ ያላችሁ፣ ሄዳችሁም ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ሁሉም በጠዋት ይወጣል፤ ቤቱ ጭር ይላል፤ ሰው ያለ እንዲመስል ቴሌቪዥን ትከፍታላችሁ። የልጅ ልጄ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመጣ «ሰላም እማማ» ይለኝና ክፍሉን ይዘጋል። አማርኛው እዚያ ላይ ያልቃል፣ የእኔም እንግሊዝኛ ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። አንድ ማክሰኞ «አራተኛ ሰው ጎደለን» ብላ የአካባቢው አረጋውያን የሚሰበሰቡበት አዳራሽ ወሰደችኝ። ጨዋታው ብሪጅ ይባላል። ገንዘብ እንደሌለበት ሦስት ጊዜ ጠይቄ ነው የተቀመጥኩት።

ብሪጅ የአራት ሰዎች ጨዋታ ነው፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለት ሁለቱ አጋሮች ናቸው። ሃምሳ ሁለቱ ካርታ ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ አሥራ ሦስት ይደርሰዋል። በእያንዳንዱ ዙር አራቱም አንድ አንድ ካርታ ይጥላሉ፤ መጀመሪያ የተጣለው ዓይነት ያለው ሰው ያንኑ የመከተል ግዴታ አለበት። ትልቁን የጣለ ዙሩን ይወስዳል፣ ቀጣዩንም እሱ ይከፍታል። ከጨዋታው በፊት «ይህን ያህል ዙር እንወስዳለን» ተብሎ ውል ይገባል። ዛሬ የምንጫወተውን የነጥብ አቆጣጠር ሃሮልድ ቫንደርቢልት የሚባል አሜሪካዊ ሀብታም በ1925 (እ.ኤ.አ.) በመርከብ ሲጓዝ እንዳወጣው ይነገራል። በእኛ ወጣትነት በ«ዶክተር ዢቫጎ» ያየነው ግብፃዊው ኦማር ሸሪፍም በዚህ ጨዋታ በዓለም የታወቀ ነበር፤ በ1964 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ኦሊምፒያድ ለአገሩ ተሰልፏል። ያን መልክ ይዞ ካርታ ላይ ማቀርቀሩ ይገርመኛል።

እኔ የወደድኩት ግን ሌላ ነገሩን ነው። ውሉን የገባው ሰው አጋር፣ ተቃራኒው ወገን የመጀመሪያውን ካርታ እንደጣለ የራሱን አሥራ ሦስት ካርታ ጠረጴዛ ላይ ገልጦ ዘርግቶ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ ሁለቱንም እጅ የምትጫወቱት እናንተ ናችሁ። ሃያ ስድስት ካርታ ከፊታችሁ አለ። አስቡበት እንጂ አትቸኩሉ ነው ነገሩ። እኔ ግን ቸኮልኩ።

ቤታችሁ ካርታ ካለ ዘርጉና ተከተሉኝ። ዘጠኝ ዙር እወስዳለሁ ብዬ ውል ገብቻለሁ፤ ከሌሎቹ የሚበልጥ የተለየ ዓይነት የለም። በእጄ ያለው፦ ስፔድ ኤስ፣ ንጉሥ፣ 5፣ 2፤ ልብ ንጉሥ፣ 7፣ 3፤ ዳይመንድ 8፣ 4፤ ክለብ ኤስ፣ ንጉሥ፣ 6፣ 4። አጋሬ ጠረጴዛ ላይ የዘረጋችው፦ ስፔድ 8፣ 6፣ 3፤ ልብ ኤስ፣ 4፤ ዳይመንድ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ጃክ፣ 10፣ 9፤ ክለብ 7፣ 5፣ 2። በግራዬ ያሉት ሰውዬ የልብ ንግሥት ጣሉ።

ያንን የተደረደረ ዳይመንድ ሳየው ልቤ ሞቀ። ልቡን ከጠረጴዛው በኤስ ወስጄ ወዲያው የዳይመንዱን ንጉሥ ጣልኩ። የዳይመንድ ኤስ የያዘችው በቀኜ ያለችው ሴትዮ ናት፤ ትንሽ ካርታ ጥላ ዝም አለች። ንግሥቷን ስጥል ግን በኤሷ ወሰደችና መልሳ ልብ ጣለች። ጠረጴዛው ላይ የቀረው ልብ 4 ብቻ ስለሆነ በእጄ ባለው ንጉሥ ወሰድኩ። አሁን ዙሩን የምከፍተው ከእጄ ነው፤ በእጄ ደግሞ አንድም ዳይመንድ አልቀረም። ጃክ፣ 10 እና 9 ጠረጴዛው ላይ እያዩኝ አየኋቸው። ወደ እነሱ የሚያሻግረኝ ካርታ አልነበረም። ሰባት ዙር ላይ ቀረሁ።

አስተማሪዋ አልተቆጣችም። ካርታዎቹን ሰብስባ እንደነበሩ መልሳ ዘረጋቻቸውና «መጀመሪያ ቁጠሪ» አለችኝ።

ቆጠርኩ። ስፔድ ሁለት፣ ልብ ሁለት፣ ክለብ ሁለት፤ ስድስት ዙር በእጄ ናቸው። ሦስት ይጎድለኛል። ከየት ይመጣል? ከዳይመንድ፤ ኤሱ አንዴ ከወጣ የቀሩት አራቱ የእኔ ናቸው። ማን ይከለክለኛል? ኤሱን የያዘችው ሴትዮ፣ የእኔ ዳይመንድ እስኪያልቅ ከጠበቀች። እንግዲያው ኤሱ ከወጣ በኋላ ወደ ጠረጴዛው የምመለስበት መንገድ ያስፈልገኛል፤ ያለው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የልቡ ኤስ። እኔ በመጀመሪያው ዙር ያቃጠልኩት እሱን ነው! የመጀመሪያውን ልብ በእጄ ባለው ንጉሥ ብወስደውና ኤሱን ባቆየው ኖሮ አሥር ዙር እወስድ ነበር።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ትዝ ያለኝ ካርታው አልነበረም፤ 1977 ዓ.ም. ነው፣ ድርቁ፣ ወሎ፣ መጠለያው። ተቅማጥ ያደረቀው የሁለት ዓመት ልጅ አመጡልኝና ግሉኮስ ልሰካለት ተዘጋጀሁ። ክርኑ ላይ ያለው ደም ሥር ጎላ ብሎ ስለታየኝ ከሱ ጀመርኩ። አበጠብኝ። ከዚያ ወደ እጁ ጀርባ ብወርድ የሚገባው ፈሳሽ ከላይ በተበሳው በኩል ይወጣል። አንድ ትልቅ ሲስተር እጄን ይዘው «ከታች ነው የሚጀመረው ልጄ፣ የላይኛውን ለኋላ ታቆዪዋለሽ» አሉኝ። ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ለፈተናም ጽፌዋለሁ። እናቱ እያየችኝ ግን ቶሎ መሰካት ነበር የፈለግሁት። ሲስተር በአፍንጫው ቱቦ አስገብተው የስኳርና የጨው ውሃ ሌሊቱን ሙሉ ሰጡት። ልጁ ነጋለት። እኔ ግን የእናቱን ዓይን እስካሁን አልረሳሁትም።

ካርታ አእምሮን ያድሳል፣ የመርሳት በሽታን ይከላከላል የሚሉ ብዙ ናቸው። ነርስ ነኝና እንዲህ ያለ ተስፋ አልሸጥላችሁም። እኔን ከቤት አውጥቶኛል፤ ያ ይበቃኛል።

በሳምንቱ የልጅ ልጄን ጠርቼ ያንኑ እጅ ዘረጋሁለት። ጥፋቴን አልነገርኩትም። እናቱ ከሥራ ስትገባ በእኔና በልጇ መሃል ካርታ ተዘርግቶ አየችና ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች። «እማዬ፣ አጎቴን ረሳሽው?» አለችኝ። አልረሳሁትም አልኳት። ገንዘብ የለበትም፣ አይኖርበትምም፤ የቀረውን ተቀምጠሽ እይ አልኳት። አሁንም ሙሉ በሙሉ አምናኛለች አልልም፤ ፍርሃቷም ከሜዳ የመጣ አይደለም።

ልጁ ግን አልሰማንም። ጣቱን ከካርታ ወደ ካርታ እያሻገረ በሹክሹክታ ይቆጥራል። ስድስት ላይ ቆመ። ምድጃው ላይ ሽሮዬ እየተንተከተከ ነው፤ መነሳት ነበረብኝ፤ አልተነሳሁም። መጨረሻ ላይ ከእጁ የልቡን ንጉሥ መዝዞ ጣለና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኤስ በጣቱ ነካው።

«ይሄ በር ነው እማማ» አለኝ፣ በአማርኛ። «አሁን አይከፈትም።»

እናቱ ቦርሳዋን አውርዳ ወንበር ሳበች። አሁን ሦስት ሆነናል። አራተኛው አማቼ ነው፤ ማታ ማታ ስለሚሠራ የምናገኘው እሑድ ብቻ ነው።