ኑዛዜና የባንክ መዝገብ

ሰው ኑዛዜውን በምስክር ፊት ካጸና፥ ገንዘቡ ሁሉ እንደ ቃሉ የሚከፈል ይመስለዋል። በአሜሪካ ግን ባለገንዘቡ «ስሞት ለእገሌ ይከፈል» ብሎ በባንክ ያስመዘገበውን ገንዘብ ኑዛዜ አብዛኛውን ጊዜ አይነካውም፤ ባንኩ የሚከፍለው ስሙ በመዝገብ ለተገኘው ሰው ነው። በመሥሪያ ቤት በኩል የሚቀመጥ ቁጠባም ሥርዓቱ የዚህ ዓይነት ነው።

በዚያው አገር አንድ ሠራተኛ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1974 የሚስቱን ስም በቁጠባው ላይ አስጻፈ። በ1994 ሲፋቱ ሴቲቱ መብቷን ብትተውም፥ እርሱ ስሟን ሳያስለውጥ በ2001 ሞተ። ውርሱን የምታጣራው ልጁ ብትከራከርም፥ 402,000 ያህል ዶላር ለቀድሞ ሚስቱ ተከፈለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2009 ክፍያውን አጸናው።

ስለዚህ በዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሲያገቡም ሲፋቱም በመዝገብ የሰፈረውን ስም ይመርምሩ፤ ያ ካልታደሰ የአባት ፈቃድ ለልጁ ሳይደርስ ይቀራልና።